«መጣ! ሄደ!» ሳይባል፦ ዲሽን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲፈታ ከጫማውና ከሽቶው መሃል ጣት የምታክል ዕቃ ትወጣለች። «ኮምፒውተርህ ላይ ሰካት፤ ቲቪ ታያለህ» ይባላል። የእኔ የመጀመሪያዋ ከአሜሪካ የመጣች ነበረች። ባሌ ውስጥ ጎሮ ላይ ሰካኋት፤ መብራቷ በራ፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ፍለጋው እስከ መቶ በመቶ ሄደና አንድም ቻናል ሳያገኝ ቆመ። «ዊንዶውሱ ነው» ብዬ ፎርማት አደረግሁ። ሳምንት ቆይቼ ደግሜ ፎርማት አደረግሁ፤ በሁለተኛው የእህቴ የሠርግ ፎቶ አብሮ ሄደ። ዕቃዋ ግን ጤነኛ ነበረች፤ ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነበር። የምትፈልገው ዓይነት ሥርጭት በባሌ ቀርቶ በመላው ኢትዮጵያ አልነበረም።

ስለዚህ ላፕቶፕዎን ገና አይክፈቱት። ዕቃዋን ብቻ እጅዎ ላይ ይያዙ።

ዕቃዋ ምን ትሰማለች?

«ዲጂታል ቲቪ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኤቲኤስሲ የሚባለውን ሥርዓት ነው የሚያውቀው። የጃፓኑ አይኤስዲቢ-ቲ፣ የቻይናው ዲቲኤምቢ፣ የአውሮፓው ዲቪቢ-ቲ ወይም ተተኪው ዲቪቢ-ቲ2 ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁት መሬት ላይ ከቆመ የማሠራጫ ምሰሶ የሚወጣ ሞገድ ነው። ከሳተላይት ጋር አይተዋወቁም። ሳተላይት የሚሰማው ዲቪቢ-ኤስ ወይም ዲቪቢ-ኤስ2 የተባለው ብቻ ነው።

አገራችን ለምድር ሥርጭት የመረጠችው ዲቪቢ-ቲ2ን ነው። የአፍሪካና የአውሮፓ አገሮች በ2006 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ሲስማሙ አናሎግ ሥርጭትን ለመሰናበት የቆረጡት ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ከጎሮ እስከ ሮቤና ጎባ ቆርቆሮው ላይ ቀና ቢሉ ግን የሚያዩት ዲሽ ነው። እኔም የምመክርዎ ዲሹን ነው።

ካርቶኑ ቢጠፋ፣ ጽሑፉም ቢደበዝዝ፣ ዕቃውን በሁለት ምልክት መለየት ይቻላል። አንደኛው የኬብሉ መግቢያ ነው። ሪሲቨርዎ ጀርባ ላይ እንዳለው ጥርስ ያለውና ኬብሉ እየተሽከረከረ የሚታሠርበት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሳተላይት ነው፤ ለአሜሪካ የተሠራው የምድር ዕቃም ግን እንዲሁ ጥርስ ሊኖረው ይችላል፤ ለስላሳ ቀዳዳ ሆኖ ቀጭን አንቴና የሚሰካበት ከሆነ ግን የምድር ነው። ሁለተኛው የራሱ አዳፕተር መኖሩ ነው። የሳተላይቱ ሳጥን ሳሙና የሚያክል ሆኖ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል ይወስዳል። ከዩኤስቢ ብቻ እየበላ የሳተላይት ቻናል ያመጣል ተብሎ የሚሸጥልዎን ጣት የምታክል ዕቃ አይግዙ። ምክንያቱን አሁን እናሰላዋለን።

በገበያው ስማቸው ከሚታወቀው የሳተላይት ሳጥኖች የቲቢኤስ 5927 እና የዲቪቢስካይ ኤስ960 ይገኙበታል። የትኛውንም ቢገዙ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል መሆኑንና ሲምቦል ሬቱ እስከ 45000 የሚደርስ መሆኑን። የ45000ው ነገር ወደ ኋላ ይመጣል።

ኃይሉ

የዩኤስቢ 2.0 ወደብ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልት በ500 ሚሊ አምፔር ነው። ሲባዛ 2.5 ዋት ይሆናል። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ደግሞ በዚያው ምስል በሚያመጣው ኬብል በኩል 13 ወይም 18 ቮልት ይፈልጋል። 18 ቮልት በ150 ሚሊ አምፔር ብንለው 2.7 ዋት ነው። ሳጥኑ ራሱ ገና ሳይበላ ወደቡ አለቀ። አዳፕተሩ የመጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ምርመራ አለ። 13 ቮልት ኤልኤንቢውን «ቨርቲካል ስማ» ማለት ነው፤ 18 ቮልት «ሆሪዞንታል ስማ»። አዳፕተሩ የደከመ ከሆነ 13ቱን ይሰጥና 18ቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቨርቲካል የሆኑት ቻናሎች ገብተው ሆሪዞንታሎቹ በጠቅላላ ከጠፉ ድራይቨር አይፈልጉ፤ አዳፕተር ይቀይሩ። የኢትዮጵያ ቻናሎች የተሰባሰቡበት የኢትዮሳት ዋናው ፍሪኩዌንሲ ሆሪዞንታል ስለሆነ በእኛ አገር ደካማ አዳፕተር የሚመታው የሚፈለገውን ነው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሳጥኑ ግን ይሞታል። ቤትዎ የሶላር ባትሪ ካለ አብዛኛው ሳጥን 12 ቮልት ስለሆነ ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በቀጥታ አያያይዙት። «12 ቮልት» የምንለው ባትሪ ፀሐይ ላይ ሲሞላ ከ14 ቮልት ይበልጣል። ቮልቱን 12 ላይ አጥብቆ የሚይዝ ማስተካከያ መሃል ያስገቡ፤ ፖዘቲቩ መሃለኛው ቀጭን ምሰሶ ላይ መሆኑንም ከሳጥኑ ጀርባ ሥዕል ያመሳክሩ። ተገላብጦ የተሰካ አንድ ሽቦ የሳጥኑን ዕድሜ በአንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል።

ዲሹ እየሠራ ከሆነ አይንኩት

አሁን ያለው ሪሲቨር ኢትዮሳትን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ዲሽዎ፣ ኤልኤንቢውና ኬብሉ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ኬብሉን ከጀርባው ፈትተው ሳጥኑ ላይ ይሰሩት፤ ከዚያ በኋላ የሳጥኑን አዳፕተር ይሰኩ። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ ኃይል ባለበት ኬብል ሲታሠርና ሲፈታ መሃለኛው መዳብ ከመረቡ ጋር ተነካክቶ ሾርት ያደርጋል። ጫፉ ላይ ከመረቡ አንዲት ቀጭን ክር እንኳ ወደ መዳቡ ዞራ እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ። በእኔ ልምድ «ሳጥኑ ተቃጠለ» ተብለው ከመጡልኝ ሁለቱ ተቃጥለው አልነበረም፤ ያቺ ክር ነበረች።

አንዱን ኬብል በማከፋፈያ ሰንጥቄ ሪሲቨሩንም ሳጥኑንም ላስኬድ ካሉ ይጣላሉ። አንዱ 13 ሲል ሌላው 18 ይላል፤ ኤልኤንቢው ጌታው ማን እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከፈለጉ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ገዝተው ሁለተኛ ኬብል ይሳቡ።

ዲሹ ከአዲስ የሚተከል ከሆነ

ኢትዮሳት የምንለው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ቻናሎች የተሰባሰቡበት ስም ነው። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ-12 ይባላል፤ የኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በአሪያን 5 ሮኬት ተወነጨፈ። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይቆማል።

ከጎሮ ሆኖ ለሚያይ ሰው አቅጣጫው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር 112 ዲግሪ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘነበለ ማለት ነው። ከፍታው 69 ዲግሪ ነው። ኮምፓስ ከሌለዎ የገና ዕለት ጎህ ሲቀድ ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ ያስታውሱ፤ አቅጣጫው ያው ነው ማለት ይቻላል። በበዓሉ ጠዋት ከደጅ ቆመው ያዩት የአጥር ጥግ ወይም ዛፍ ካለ ከኮምፓስ አያንስም። ፀሐይዋ ግን አቅጣጫውን እንጂ ከፍታውን አታሳይዎትም።

69 ዲግሪ ከባድ ከፍታ ነው። ለናይልሳት የተተከለ ዲሽ ወደ ምዕራብ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ይላል፤ ስለዚህ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ለኢትዮሳት የጎረቤት ዛፍ ብዙም አያሳስብዎትም፤ የሚያሳስብዎት የራስዎ ቆርቆሮ ክፈፍ ነው። ዲሹን ግድግዳ ሥር አስጠግተው ከተከሉት ጣሪያው ከላይ ይሸፍነዋል። ሌላም ዓይን የሚያታልል ነገር አለ። እኛ የምንጠቀምበት ሞላላ ዲሽ ከሚያየው አቅጣጫ በ25 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ትክክል የተተከለ ዲሽ ፊቱ ወደ 44 ዲግሪ ግድም ያንጋጠጠ እንጂ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አይመስልም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ኤልኤንቢውን ማዞር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሳተላይቶቹ መስመር በራሳችን ላይ ነው የሚያልፈው፤ በዚህ የተነሣ ሆሪዞንታል የተባለው ሞገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ አግድም ሆኖ አይደርስም። በስሌቱ ለጎሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል። ኤልኤንቢው ላይ የተጻፈውን «0» ወደ ላይ አድርገው ቢተዉት ሲግናሉ ሞልቶ ኳሊቲው ዝቅ ይላል። ብሎኑን ላላ አድርገው በእጅዎ ቀስ ብለው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዙሩት፤ ኳሊቲው አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይዘላል። እዚያው ያጥብቁት።

ዲሽ ሲተከል ባሌ ላይ የማይሰማበት ሰፈር የሌለ ጩኸት አለ። አንዱ ውጭ ዲሹን ይይዛል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ቲቪው ፊት ቆሞ «መጣ! ኧረ ሄደ! መልሰው!» ይላል፤ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያስተላልፋል። የላፕቶፕ ትልቁ ጥቅም ይህን ማስቀረቱ ነው። ሳጥኑን፣ ላፕቶፑንና አንድ ማራዘሚያ ገመድ ይዘው ዲሹ ሥር ይቀመጡ፤ ሁለት ሜትር ኬብል ይበቃዎታል። በፕሮግራሙ ላይ የኳሊቲውን መስመር ከፍተው ዲሹን በፀጉር ያህል ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ። ፕሮግራሙ ቁጥሩን የሚያድሰው ዘግየት ብሎ ነው፤ ተጣድፈው ካዞሩ ሳተላይቱን እየዘለሉ ያልፉታል። «ሲግናል» የሚለው ኬብልና ኤልኤንቢ መኖራቸውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ እርስዎ የሚከተሉት «ኳሊቲ» የሚለውን ነው።

ፊት ለፊቱ ክፍት መሆኑን የሚያረጋግጡበት ነፃ መሣሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ረፋዱ ላይ፣ በእኛ ሰዓት 5 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። በዚያ ሰዓት የዲሹ ፊት ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ካገኘ የሚጋርደው የለም። ጥላ ከወደቀበት የጣለውን ነገር ያስወግዱ። በእነዚያው ቀናት ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ቢቆራረጥም አይደንግጡ፤ የፀሐይዋ ጩኸት የሳተላይቱን ድምፅ ስለሚውጠው ነው፤ በራሱ ይመለሳል።

ድራይቨር

ላፕቶፑን አሁን ይክፈቱ። ሳጥኑን ገና አይሰኩት፤ መጀመሪያ ድራይቨሩን ይጫኑ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ሲዲ አርጅቶ ይሆናል፤ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ሲዲ ማንበቢያም የለውም። ሮቤ ወይም ኔትወርክ የተሻለበት ቦታ ሲሄዱ ከአምራቹ ገጽ ላይ በፍላሽ ያውርዱት፤ የዊንዶውስዎን ዓይነትና 64 ቢት መሆኑን አስቀድመው ጽፈው ይያዙ፤ ለሁለተኛ ጊዜ መመላለስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከጫኑ በኋላ ሳጥኑን ይሰኩና ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። ስሙ በወጉ ከታየ አለቀ። ቢጫ ምልክት ካለበት በቀኝ ይጫኑት፤ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ፣ ከዝርዝሩ ሀርድዌር አይዲስ የሚለውን ይምረጡ። ቪአይዲና ፒአይዲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚታዩት አራት አራት ምልክቶች የዕቃው እውነተኛ መታወቂያ ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ሊዋሽ ይችላል፤ እነዚህ ግን የሚናገሩት ውስጡ ያለውን ነው። ድራይቨር የሚፈለገው በእነሱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ምንም ካልመጣ ደግሞ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ አውጥተው ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሰኩ፤ ሌላ ወደብ ይሞክሩ።

ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ሥራው ቀላል ነው። እንደ ኤስ960 ላሉት ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ አለ፤ የሚጎድለው ፈርምዌር የምትባል ትንሽ ፋይል ልትሆን ትችላለች፤ እሷን የፈርምዌር ማኅደር ውስጥ አስቀምጠው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡት። ካፌይን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የቀረውን ይሠራል።

ፕሮግራሙና ቁጥሮቹ

ዊንዶውስ 7 ላይ የነበረው ሚዲያ ሴንተር ከዊንዶውስ 10 ተነሥቷል፤ አይፈልጉት። ከሳጥኑ አምራች የሚሰጠውን ወይም እንደ ፕሮግዲቪቢ ያለውን ይጫኑ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በየትኛውም ፕሮግራም ያው ናቸው፤ የሚለያየው የሚሞሉበት ገጽ ብቻ ነው።

ፕሮግራሞቹ የተሠሩት አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ሰው ስለሆነ ሲከፈቱ ሆትበርድን ወይም አስትራን ይዘው ይመጣሉ። እነሱን አጥፍተው 57 ዲግሪ ምሥራቅን፣ ኤንኤስኤስ-12ን ይምረጡ። ከዝርዝሩ ከሌለ አዲስ ብለው ራስዎ ይጻፉት። ኤልኤንቢው «ዩኒቨርሳል»፣ ዝቅተኛው 9750፣ ከፍተኛው 10600፣ መቀያየሪያው 11700 ይሁን። ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000፣ ዓይነት ዲቪቢ-ኤስ2።

ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፦ ከ11105 ላይ 9750 ሲቀነስ 1355 ይመጣል። በኬብሉ ውስጥ ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ሞገድ ይህ ነው፤ ከ950 እስከ 2150 ሜጋ ሄርዝ ባለው የሳጥኑ መስኮት ውስጥ ስለሆነ ይሰማዋል። ኤልኤንቢውን በስህተት የሌላ ዓይነት ብለው ከሞሉ ቅነሳው ሌላ ይሆናል፤ ሳጥኑም ባዶ ቦታ ያዳምጣል። ያ ሁሉ ዲሽ ማዞር ከንቱ የሚሆነው እንዲህ ነው።

45000ው ለብዙ ሳጥኖች የመጨረሻው ድንበር ነው። ርካሽ ወይም አሮጌ የሆነው እዚህ አይደርስም፤ ሌላ ሳተላይት ላይ እየሠራ ኢትዮሳት ላይ ዝም ይላል። ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ ያልኩት ለዚህ ነው፤ በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ሁለት ኤልኤንቢ ወይም ሁለት ዲሽ በዳይሴክ ስዊች ካገናኙ፣ ኢትዮሳት የገባበትን ቁጥር ስዊቹ ላይ አንብበው በፕሮግራሙም ያንኑ ይሙሉ። ካላወቁት 1ን፣ ቀጥሎ 2ን ይሞክሩ። በተለመደው ስዊች ቢበዛ አራት ነው።

አሁን ሰርች ይበሉ። ኢቢሲ፣ ኦቢኤን፣ ፋና እየተከታተሉ ሲወርዱ ያያሉ። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ሳጥንዎ ብላይንድ ሰርች የሚችል ከሆነ እሱን ይጫኑት፤ ቀስ ይላል እንጂ ሰማዩ ላይ ያለውን ለቅሞ ያመጣል። የመቆለፊያ ምልክት ያለባቸውን የክፍያ ቻናሎች ይተዉአቸው፤ የራሳቸው ካርድና ሪሲቨር አላቸው።

ሲያስቸግር

ድምፅ እየመጣ ምስሉ የሚጎተት ከሆነ ዲሹ ንጹሕ ነው፤ የደከመው ላፕቶፑ ነው። በፕሮግራሙ የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤክስቪኤ የሚለውን ይምረጡ፤ ሥራው ከፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክሱ ይዛወራል። ምስሉ በትንንሽ ካሬ የሚሰበር ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ወደ ዲሹና ወደ ኬብሉ ይመለሱ። ኬብሉ ኤልኤንቢው ጋ የሚታሠርበት ቦታ ላይ ናስትሮ ይጠቅልሉ፤ ውኃ አንዴ ከገባ መረቡን እያበላሸ ይወርዳል፤ በክረምት ብቻ የሚጠፋ ቻናል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢውን እያስተኛው ነው። ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዲሴብል ያድርጉ።

መቅዳት ይቻላል፤ በሪሲቨር ፍላሽ ላይ ከመቅዳት ይልቅ የሚመቸውም እዚህ ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈስ ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። ፍላሽ ላይ ከቀዱ ግን ፎርማቱን ይዩ፤ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። 6 ሜጋቢት በሆነ ቻናል ላይ ቅጂው 95 ደቂቃ ላይ ይቆማል። የዕረፍቱ 15 ደቂቃ ሲቀነስ ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ጎሏን የነገረኝ ጎረቤቴ ነው። ኤንቲኤፍኤስ አድርገው ይጠቀሙ፤ ወይም ላፕቶፑ ዲስክ ላይ ይቅዱ።

ነጎድጓድ ሲሰማ ኬብሉን ከሳጥኑ ይፍቱ። መብራቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ያ ኬብል ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ላፕቶፕዎ የሚገባ መንገድ ነው።

ሳጥኑን መግዛት ካልቻሉ

ሪሲቨር ካለዎ ሌላ አቋራጭ አለ፤ ኤችዲኤምአይ ካፕቸር የሚባለው ትንሽ ዕቃ። በአንድ ጫፉ የሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፤ በሌላው ዩኤስቢ ላይ ይሰካል፤ ላፕቶፑ እንደ ካሜራ ስለሚያየው ድራይቨር አይጠይቅም። ቪኤልሲን ከፍተው ሚዲያ፣ ቀጥሎ ኦፕን ካፕቸር ዲቫይስ ብለው ይመርጡታል። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ቢልም ርካሹ በዩኤስቢ 2.0 ከ1080 በላይ አያሳልፍም፤ ለእኛ ይበቃል። ሪሲቨሩ አሮጌ ሆኖ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ መውጫ ብቻ ካለው ለእሱ የተሠራውን የኤቪ ካፕቸር ይጠይቁ። ቻናል የሚቀያየረው በሪሞቱ ነው፤ ላፕቶፑ መስተዋት ብቻ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ለመመልከት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከሳጥኑ ይልቅ ይህን እመክራለሁ። ሳጥኑ የሚጠቅመው ለመቅዳትና ዲሽ ለመትከል ነው።

ያቺ ከሻንጣ የወጣችው ጣት የምታክል ዕቃስ? የአውሮፓ ዓይነት ከሆነችና ዲቪቢ-ቲ2 ካለች፣ አንቴናዋን ከፍ ካለ ቦታ አድርገው ከ474 እስከ 690 ሜጋ ሄርዝ በ8 ሜጋ ሄርዝ ልዩነት አንድ ጊዜ ሰርች ያድርጉ። ቤትዎ ያለበት ኮረብታ ይወስነዋል፤ ካልመጣ አይድገሙት። በመታወቂያዋ ውስጥ አርቲኤል2832 የሚባለው ቺፕ ከተገኘ ግን አይጣሏት። በ2012 እ.ኤ.አ. ይህ ቺፕ ያገኘውን ሞገድ ሁሉ ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ታወቀ፤ ኤስዲአር ሻርፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤፍኤም ራዲዮ ትሆናለች። አንቴናዋ ሰማዩን ጥርት አድርጎ የሚያይ ከሆነ በ1090 ሜጋ ሄርዝ ላይ ወደ ሮቤ የሚወርደውን አውሮፕላን ከፍታና ፍጥነት ታነብልዎታለች። ልጆች ካሉዎት ከቲቪው ይልቅ ይህን ይወዱታል።

ሮቤና ጎባ ላላችሁ፦ ከላይ የሰጠሁት 112ና 69 ለጎሮ የተሰላ ነው። የእናንተ ከፍታ በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው አይለወጥም ማለት ይቻላል።